ያልጎደለው ገንዘብ

በፍራሽ ቤቱ ውስጥ የስፖንጅ ብናኝ የማይደርስበት ቦታ የለም። ከኋላ ካለው መቁረጫ ክፍል ይነሳል፤ በስፌት መኪናዎቹ መካከል ያልፋል፤ ደረጃውን ወጥቶ ዙሪያዋን መስታወት የሆነችው ቢሮ ድረስ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምታነሳው እስክሪብቶ ሳይሆን የመወልወያ ጨርቅ ነበር። መዝገቦቿን አንድ በአንድ ካልወለወለች ሥራ አትጀምርም። ፍራሽ ሰፊዎቹ ይህን በመስታወቱ እያዩ "ዲፕሎማ ዛሬም ልጆቿን እያጠበች ነው" ይባባላሉ። ዲፕሎማ የሚለውን ስም ያወጣላት ሻጩ ነው። እሱንም ሜትር ከአንገቱ ስለማይለይ "ሜትሩ" ይሉታል፤ ተካክሰዋል ማለት ነው።

ቤቱ የአክስቷ ነው። አክስቷ በአንዲት የስፌት መኪና ጀምራ እዚህ የደረሰች፣ ነገር የማታንዛዛ ሴት ናት። የአክስቷ ታላቅ ወንድም፣ የልጅቷ አባት ማለት ነው፣ ገንዘብ ያዥ ነው። መሸጫው ጥግ ላይ ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ካዝናውን ከጉልበቱ አጠገብ አድርጎ፣ በትንሽ መስኮት ገንዘብ ይቀበላል። ፊት ለፊቱ በጠርሙስ ክዳን ላይ የተቀመጠች እርጥብ የስፖንጅ ቁራጭ አለች። ጣቱን እሷ ላይ ነካ እያደረገ ይቆጥራል፤ የሚቆጥረውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደግሞ ሲቆጥር ያየው ሰው አልነበረም። ለምን አይደግሙም ሲሉት፣ መጀመሪያውን ሌላ ነገር እያሰብኩ አልቆጠርኩ፣ ብሎ ይስቃል።

የድሮው የቤቱ ሒሳብ ቀላል ነበር። አንድ ደብተር፤ በአንድ በኩል የገባ፣ በሌላ በኩል የወጣ። ባንኩ ግን ደህና መዝገብ ካላየሁ አላበድርም አለ፤ አክስትየዋም የወንድሟን ልጅ ከኪሷ ከፍላ አስተማረቻት። ልጅቷ ጥሩ ተማሪ ነበረች። ችግሩ ጥሩ ተማሪ መሆኗን ከማንም በላይ የምታውቀው ራሷ መሆኗ ነው።

ሥራ የጀመረች ሰሞን አባቷንና አክስቷን ቢሮ ድረስ አስወጥታ አዲሱን አሠራር አስረዳቻቸው። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ቦታ ይጻፋል አለች። ፍራሽ በጥሬ ገንዘብ ሲሸጥ በገንዘብ ገጽ ላይ በግራ፣ በሽያጭ ገጽ ላይ ደግሞ በቀኝ። ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት ነው። ለስፖንጁም፣ ለደሞዙም፣ በዱቤ ለሚወስደው ለእያንዳንዱ ደንበኛም የየራሱ ገጽ አለው፤ ገጾቹ ሁሉ ያሉበት ትልቁ መዝገብ ሌጀር ይባላል። ወሩ ሲያልቅ የየገጹ ቀሪ በአንድ ወረቀት ላይ ይደረደራል፤ የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ። ያ ወረቀት ትሪያል ባላንስ ነው። የሁለቱ ዓምዶች ድምር እኩል መምጣት አለበት።

አባቷ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሐኪም የሚያዳምጥ ይመስል በጥሞና ሰማ። አክስቷ ግን እኩል ባይመጣስ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ፣ እኔ ጋ ይመጣል፣ አለች። ለዚያ ጥያቄ የሚገባው መልስ ሌላ ነበር፤ አስተማሪዋም ደጋግሞ ነግሯታል። እኩል ባይመጣ አንድ ሰው ሲጽፍ ተሳስቷል ማለት ነው፤ አንድ ሰው ወስዷል ማለት አይደለም። ይህን ያን ዕለት ብትናገረው ኖሮ ሌላው ሁሉ ባልመጣ ነበር።

የመጀመሪያው ወር አለቀ። ልጅቷ የየገጹን ቀሪ አወጣች፣ ደረደረች፣ ደመረች። ግራው ከቀኙ በስድስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ በለጠ። ማስሊያው ተበላሽቷል ብላ በእጇ ደመረች፤ ያው ነው።  መጀመሪያ ያየችው የገንዘብ ገጹን ነበር። አባቷ ማታ ማታ ካዝናውን ቆጥሮ የሚያመጣላትን ወረቀት አጠገቡ አድርጋ አስተያየችው። ሳንቲም ሳይቀር እኩል ነው። ስለዚህ ካዝናው ደህና ነው፤ የተበላሸው እሷ የጻፈችው አንድ ነገር ነው። ይህን ያወቀችው አክስቷ ደረጃውን ከመውጣቷ በፊት ነው። በኋላ ራሷን ስትወቅስ ማምለጫ ያሳጣትም ይኸው ነው።

አክስቷ ገባች። አባቷ የዕለቱን ወረቀት ይዞ ተከትሏታል፤ ሜትሩም የጨርቅ ናሙና ሊያሳይ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። አክስቷ እንዴት ሆነ አለች። ልጅቷ አልገጠመም ብላ ቁጥሩን ነገረቻት።

"ጎደለ በይኛ" አለች አክስቷ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ገንዘቡ አልጎደለም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልትናገረው ነበር። ቀና ስትል ግን ሜትሩ በር ላይ ፈገግ ብሏል፤ አክስቷ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያውን የምታስብ መሰላት። "እኔ ጋ ይመጣል" ያለችው ትዝ አላት። 

"እያየሁት ነው" አለች።

በዚህ መሃል አባቷ መነጽሩን አወለቀ። ከእኔ እጅ ይሆናል እንጂ ከየት ይሆናል አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር። መብራት የጠፋ ዕለት ሰው ተደራርቦበት እንደነበር፣ አንዲት ሴትዮም የተቀዳደደ ብር ሰጥታው ሲለዋወጡ መቆየታቸውን አነሳ። አክስቷ አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ይሻል ነበር። ወደ ወንድሟ ጠጋ ብላ ትከሻውን ያዘችው።

"ጋሼ፣ ድካም ነው። ትልቁም ወንድማችን እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የጀመረው።"

 ትልቁ ወንድማቸው መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የሚጠፋበት። ቀጥሎ የቤቱ መንገድ ጠፋበት፤ መጨረሻ ላይ የገዛ ልጆቹን እናንተ የማን ናችሁ ይል ነበር። አባቷ እስከ መጨረሻው እጁን ይዞ ያስታመመው ሰው ነው። ስለ እሱ ቤት ውስጥ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። አሁን ግን አልወጣም። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገ፤ እሱም ያንኑ ሲያስብ እንደነበር ከፊቱ ያስታውቃል። የሜትሩ ፈገግታ ጠፋ። ልጅቷ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

በማግስቱ አባቷ ብር ሁለት ጊዜ መቁጠር ጀመረ። ከዚያ ሦስት ጊዜ፣ ድምፁን እያሰማ። መስኮቱ ፊት ሰልፍ ተበጀ፤ ደንበኞች ሰዓታቸውን ያያሉ። እሱም ይቅርታ ይጠይቃል፣ እንደገና ጣቱን ስፖንጇ ላይ ያደርጋል። ልጅቷ ይህን ሁሉ በመስታወቷ ታያለች። አሁን ወርጄ ልንገረው እያለች ትነሳና ትቀመጣለች። መጀመሪያ ስህተቱን ላግኘው፣ ስህተቱን በእጄ ይዤ ብቀርብ ይሻላል፣ ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላለሁ፤ ምክንያት አላጣችም። ገንዘቡ ደህና መሆኑን ለመናገር ግን ስህተቱን ማግኘት አያስፈልጋትም ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማሳየት ይበቃል። እሷም ታውቀዋለች፤ እያወቀችው ዓይኗን በጨው አጥባ ተቀመጠች።

ቤትም ሰላም አልሰጣትም። የማድ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ ከስሩ ሳፋ ተደቅኗል፤ ጠብ ጠብ ሲል ያመሻል። ቆርቆሮ ሠሪው ቅዳሜ ሊመጣ ተቀጥሮ ነበር። አባቷ ግን ይቆይ ብሎ መለሰው። እናቷ ሽንኩርት እየላጠች፣ ይኸን ሳፋ ደግሞ ሌላ ክረምት ልንከባከበው ነው ብላ አጉረመረመች። በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ልጇን አንድ ነገር ጠየቀቻት።

"አባትሽን አየሽው? ትናንት ምድጃውን አጥፍቻለሁ ወይ ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። ምድጃ ለኩሶ የማያውቅ ሰው!"

ልጅቷ ሥራ በዝቶበት ነው አለች። እናቷ አላመነቻትም። በማግስቱ በሩ ላይ፣ በዓይን ቁመት፣ በእናቷ እጅ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋ ተገኘች። "ቁልፍ። መነጽር። ኪኒን።" ይላል። አባቷ ሲወጣ ከፊቷ ቆሞ፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ ነክቶ፣ ኪሱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ሄደ። ልጅቷ ተከትላው ብትሮጥ አጥሩ ጋ ትደርስበት ነበር። አልሮጠችም። ይልቅ ዛሬ አገኘዋለሁ ብላ ማለች።

እንደማለችውም አገኘችው፤ ያገኘችው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ የሚል ቁጥር ስትፈልግ ሌጀሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አምሳዋለች። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ተስፋ ቆርጣ መዝገቡን ልትከድን ስትል የአስተማሪዋ ነገር ትዝ አላት። ልዩነቱን ካጣችሁት ግማሹን ፈልጉ ይል ነበር። በቀኝ መጻፍ ያለበት በግራ ከተጻፈ፣ ግራው የማይገባውን ይጨምራል፣ ቀኙም የራሱን ያጣል፤ ስለዚህ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ግማሹ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ነው። ይህን ቁጥር ገና ሳታይ አወቀችው። በዱቤ የገዛ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ልካቸው አልሆነም ብሎ የመለሳቸው ሦስት ፍራሾች ዋጋ ነው። የተመለሰ ዕቃ በሚለው ገጽ በግራ በትክክል ጽፋዋለች። በእንግዳ ማረፊያው ገጽ ግን በቀኝ ጽፋ ዕዳውን መቀነስ ሲገባት፣ እሱንም በግራ ጽፋ ቁጭ! ጽሑፉም ያምራል፤ ኮማው እንኳ አልተዛነፈም።

በቀይ ሰረዘችው፣ በቀኝ ጻፈች፣ ፈረመች። ደመረች። ሁለቱ ዓምዶች እኩል መጡ። ደስታዋ እዚያው ቁጭ ባለችበት አስለቀሳት። አሁን ወርዳ ትናገራለች፤ ትንሽ ትቆጣታለች አክስቷ፣ አባቷ ይስቃል፣ ወረቀቷም ከበሩ ላይ ትነሳለች። ተነስታ ቀሚሷን ስታራግፍ ሜትሩ በሩን ከፍቶ ገባ። ቁልፍ በእጁ ይዟል።

የካዝናው ቁልፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ያዘው ብለውኝ ነው አለ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው እትዬን የለመኑት። አስረክበውኛል፤ ይኸው የርክክቡን ወረቀት ከመዝገብ ጋር አስተያዪልኝ። ዘወትር የሚያላግጥ ሰው ዛሬ ወለሉን እያየ ነበር የሚናገረው።

"ጋሼ ሲያስረክቡኝ አምስት ጊዜ ቆጠሩት፣ ዲፕሎማ። እኔ ይህን ቁልፍ አልፈለግሁትም።"

ወረቀቱን ተቀብላ ከገንዘብ ገጹ ጋር አስተያየችው። ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ መዝገቡ ላይ ካለው ይበልጣል። ቀነሰችው። ስድስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ።

መጀመሪያ ደነገጠች፤ ሌላ ስህተት ሠርቻለሁ ብላ ገጹን ልትገልጥ እጇን ሰደደች። እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ቆርቆሮ ሠሪው ትዝ አላት። ሳፋው ትዝ አላት። አባቷ ያልጎደለውን ገንዘብ ከራሱ አምጥቶ ሞልቷል። የጣሪያውን ገንዘብ አውጥቶ፣ ማንም ሳያየው በካዝናው ካለው ጋር ቀላቅሎ፣ ከዚያ ሁሉንም ቆጥሮ አስረክቧል።

እዚህ ላይ የመጣባት ሐሳብ ለማንም የሚነገር አልነበረም። ትርፉን ገንዘብ "ልዩ ልዩ ገቢ" ብላ ብትጽፈው መዝገቡ ይውጠዋል። በገንዘብ ገጽ በግራ፣ በገቢ ገጽ በቀኝ፤ ሁለቱ ዓምዶች እኩል ይመጣሉ፣ ባንኩ ያጨበጭባል፣ የእሷም ስህተት ሳይታወቅ ይቀራል። ትሪያል ባላንስ ውሸትን አይለይም፤ ሁለት ጊዜ ከተጻፈለት በቃው። በምትኮራበት ትምህርት ውስጥ ይህን የሚያህል ቀዳዳ እንዳለ ያን ያህል ቀርቦ ታይቷት አያውቅም። እስክሪብቶውን አንስታ ነበር እኮ። ራሷን ጠላች። እስክሪብቶውን አስቀምጣ ሜትሩን ና እንውረድ አለችው።

አባቷ ትንሿ ክፍል ውስጥ መሳቢያውን ባዶ እያደረገ ነበር። ላስቲኮቹን፣ የወንበሩን ትራስ፣ ቀለም ያለቀባቸውን እስክሪብቶዎች ሁሉ በፌስታል ይከታል። አክስቷ አጠገቡ ቆማለች። ልጅቷ በሩን ይዛ ቆመች።

"አባባ፣ ካዝናው ውስጥ ለጣሪያው ያስቀመጥከውን ገንዘብ አስገብተሃል።"

አባቷ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ልጅ እህቱን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የጠፋው ይሟላ ብዬ ነው አለ፣ በዝግታ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት አለ። አክስቷ ምን ገንዘብ ነው የምታወሩት ብላ መሃል ገባች።

ልጅቷ ነገረቻቸው። የሦስቱን ፍራሾች ነገር፣ ግራና ቀኙን፣ እጥፍ ሆኖ መምጣቱን፣ የእሷን እጅ። ስትናገር ድምፅዋ እንዳይሰበር በፍጥነት ነበር የምትናገረው። የጎደለ ነገር እንዳልነበር፣ የአባቷ ወረቀትና የገንዘብ ገጹ ከመጀመሪያውም እኩል እንደነበሩ ተናገረች። አክስቷ እፎይ ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አባቷ እጁን ከፌስታሉ ውስጥ አወጣ።

"መቼ አወቅሽ?"

ዛሬ ማለት ትችል ነበር። ስህተቱን ያገኘችው ዛሬ ነው፤ ውሸት አይሆንባትም።

"ስህተቴን ያገኘሁት ዛሬ ነው" አለች። "ገንዘቡ ልክ መሆኑን ግን ያኔውኑ አውቅ ነበር። አክስቴ ጎደለ ስትል አውቅ ነበር። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።"

አባቷ አልተቆጣም፤ ፊቱም አልተለወጠ። እሷን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ላስቲክ እያየ፣ ጣቱ ላይ እየጠመጠመ እየፈታ ቆየ።

"እና መብራት የጠፋ ዕለትም አልተሳሳትኩም?"

"አልተሳሳትክም፣ አባባ።"

"ሴትዮዋም?"

"ምንም አልጠፋብህም። አንድ ሳንቲም።"

እሺ አለ። ሐኪም ደህና ነህ ያለው ሰው ሐኪሙን ላለማስቀየም እንደሚለው ዓይነት እሺ ነበር። አክስቷ ቁልፉን ከሜትሩ እጅ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስፖንጇ አጠገብ አስቀመጠችው። ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለ ወንድማችን ያልኩት፣ ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። ወደ ልጅቷ ዞራ አንቺን በኋላ አነጋግርሻለሁ አለች፤ ድምፅዋ ግን ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። ጎንበስ ብላ ካዝናውን በራሷ ቁልፍ ከፈተችና ገንዘቡን አውጥታ ለወንድሟ ሰጠችው። ያንተ ነው፣ ጣሪያህን ሥራበት አለችው።

አባቷ እንደ ልማዱ ተቀመጠ። ጣቱን ስፖንጇ ላይ ነካ አደረገና መቁጠር ጀመረ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። አሰባስቦ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እንደገና ቆመ። ሜትሩ ወደ ውጭ ዞረ። አባቷ ብሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደልደል አድርጎ ወደ ልጁ ገፋቸው።

"አንቺ ቁጠሪልኝ።"

"አንተ ቁጠረው፣ አባባ። እኔ ነኝ እኮ የተሳሳትኩት።"

"ይሁን። አንቺ ቁጠሪው" አለ። "እኔ ራሴን ማመን ትቻለሁ።"

ልጅቷ ተቀብላ ቆጠረች፣ ድምፅዋን እያሰማች። እሱ ዓይኑን ከጣቷ ላይ ሳይነቅል ተከተላት። ስትጨርስ ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ልክ ነው አለችው። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። አባቷ ትንሽ አሰበና ስፖንጇን ከነክዳኗ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

"እስኪ ደግመሽ እይው" አለ።

ጣቷን ስፖንጇ ላይ አርጥባ እንደገና ጀመረች።